ነጥብ የሌለው ግልቢያ

ሃርላን ፕሩዊት አፉን እንደከፈተ ሞተ። የድራይ ፎርክ ሰው «ይሄን ሰውዬ ሞትም ዝም አያሰኘውም» ሲለው ስለኖረ በዚህ እንኳ ማንም አልተገረመም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጋላቢ ለመጣል የሚዘል ፈረስ በሚጋለብበት የሮዲዮ ሜዳችን ማይክሮፎን ይዞ የለፈለፈ ሰው ነዋ! በሐምሌ እሑድ ከሰዓት፣ ከራሱ ማማ ሥር፣ ፈረሶች በሚነዱባት ጠባብ መተላለፊያ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ።

መርማሪ ቨርና ኬትልሰን ስትደርስ ሸሪፍ ኬንዳል ነገሩን ጨርሶታል። ኬንዳል ፈጣን ልጅ ነው፤ ክፋቱ ከሐሳቡ ቀድሞ መፍጠኑ ነው።

«ወይዘሮ ቨርና፣ ባይለፉ ይሻላል። ዊት ሃሎራን ነው። ሐሙስ ዕለት ምግብ ቤት ውስጥ ሃርላንን በቡጢ ሲለው ከተማው ሁሉ አይቷል። ዛሬም ሰው ሁሉ አዳራሽ ገብቶ ፊልም ሲያይ እሱ ብቻውን ውጭ ነበር። በካቴና አስሬ መኪናዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።»

«አመነ?»

«ምን ያምናል! ድንጋይ በለው።»

ቨርና በወጣትነቷ በፈረስ እሽቅድምድም የታወቀች ነበረች፤ አንድ ፈረስ ዳሌዋን ሰብሮባት እስከ ዛሬ ታነክሳለች። የማማውን ደረጃ አንድ በአንድ እየረገጠች ወጣች። ጣሪያውን የግንቦት ነፋስ ወስዶት የሚጠግነው ጠፍቷል፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የማይክሮፎኑ ሽቦ ከግድግዳው ተነቅሏል። ከዚያ የማማው ዳር አጥር ዘንድ ሄዳ ቆመች፤ ደረቷ ላይ ደረሰ። ሃርላን ደግሞ ከእሷ በአንድ ጭንቅላት የሚያጥር ሰው ነበር።

«ኬንዳል!» ስትል ወደ ታች ጮኸች። «ሰው ደረቱ ድረስ በሚመጣ አጥር ላይ ተንሸራትቶ አይወድቅም። አንስተው ነው የጣሉት። ደግሞ መጀመሪያ ቁጭ ብለው አውርተዋል።»

ለመሆኑ ማን ነው የሃርላንን አፍ ሊዘጋ የፈለገው? ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ፊልም ጋር ነው። «ነፋስ ያልጣለው» ይባላል። የካሊፎርኒያ ሰዎች ናቸው የሠሩት፤ ከስድስት ዓመት በፊት እዚሁ ሜዳችን ላይ ፈረስ ጥሎት ስለሞተው ስለ ቴት ሃሎራን ነው። የከተማ ሐያስያን አበዱለት። አንዱ «የአገሪቱ እንባ» አለው። ሌላው ከመቶ ዘጠና ነጥብ የተሰጣትን የመጨረሻዋን ግልቢያ «በሸራ ላይ ከታየ እውነት ሁሉ የሚበልጥ እውነት» ብሎ ጻፈላት። እኛ ግን ገና አላየነውም ነበር። አስቀድሞ ያየው ሃርላን ብቻ ነው፤ እሱም በሳምንታዊ ጋዜጣችን ላይ ሂሱን አወጣ። «ፊልሙ ያምራል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ይዋሻል። ልጁን የገደለው ዕድል አይደለም። እሑድ ከፊልሙ በኋላ፣ ሥጋው ሲጠበስ፣ ማማዬ ላይ ወጥቼ የማውቀውን እናገራለሁ» አለ። ይህን አንብበው እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ዊት ሃሎራን የቴት ታላቅ ወንድም ነው። በሸሪፉ መኪና የኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ አገኘችው።

«ፊልሙን አየኸው?» አለችው።

«ወንድሜ ሲሞት አንዴ አይቻለሁ። ትኬት ቆርጬ ልድገመው?»

«ታዲያ የት ነበርክ?»

«ፈረሶቹ ዘንድ።»

«ማን አየህ?»

«ፈረሶቹ። ጠይቂያቸው።»

«አትቀልድ፣ ዊት። እስር ቤት ልትገባ ነው። እናትህ ካንተ በቀር ማን አላት? ሃርላንን ለምን መታኸው?»

«ዝም በል ብለው እምቢ አለኝ።»

«ምን እንዳይናገር ነው ዝም በል ያልከው?»

ዊት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ከፈለግሽ እሰሪኝ» አለ። ቨርና ሰዎች ሲዋሹም ሲፈሩም አይታለች፤ ይህኛው ሁለቱንም አይመስልም ነበር።

ዳኛ ዴልማር ክራውስን ያገኘችው ከአዳራሹ ደጃፍ ነው። ሽማግሌው ቁመቱም ትከሻውም እንደ በር ነው፤ የሮዲዮ ዳኛ ሆኖ ስንቱን ልጅ አንግሧል፣ ስንቱን አስለቅሷል። በቤተ ክርስቲያንም ሙዳየ ምጽዋቱን የሚያዞረው እሱ ነው። ቨርናን ሲያይ ትልቁን ነጭ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ። በኛ አገር ወንድ ባርኔጣውን ሲያወልቅ ሁለት ሰው ይሆናል፤ ከቅንድቡ በታች ጡብ፣ ከቅንድቡ በላይ የተላጠ እንቁላል። የዴልማር ግን እስከ መላጣው አናት ድረስ አንድ ዓይነት ቀይ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ጉድ ነው የመጣብን?» አለ በተሰበረ ድምፅ። «ሃርላን እንደ ወንድሜ ነበር'ኮ! ያ ዊት የሚሉት ልጅ ግልፍተኛ መሆኑን አውቅ ነበር፤ እዚህ ይደርሳል ብዬ ግን እንዴት ልጠርጥር?»

«በጋዜጣው የጻፈው ነገር ምን ነበር ይላሉ፣ ዳኛ?»

«ምን አውቄ! ሃርላን ሲበዛ ያወራል፤ ከአሥሩ ስምንቱ ገለባ ነው። የሞተን ሰው መውቀስ አይሁንብኝና።»

«ፊልሙንስ እንዴት አዩት?»

«ተይኝ እባክሽ! አንጀቴን በላው። በተለይ የመጨረሻዋ ግልቢያ! እንዲህ ያለ እውነት በሸራ ላይ አይቼ አላውቅም። እኔም ብሆን ያንኑ ዘጠና ነጥብ ነበር የምሰጠው።»

«ከመቀመጫዎ አልተነሱም?»

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንቅንቅ አላልኩም። ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ማርቫ ሃሎራንን ጠይቂያት፤ አጠገቧ ነበርኩ።»

ባርኔጣውን መልሶ ሲደፋ ፊቱን ጭፍግግ አደረገ። ቨርና «ይበርቱ» ብላው ወደ ውስጥ ገባች።

አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሰዎች ይጨቃጨቃሉ። አንዷ ፊልሙን ከካሊፎርኒያ ይዛ የመጣችው ፔይጅ ናት፤ ዓይኗ አብጧል። ሌላው ገስ ቬርሃገን ነው፤ ለውድድር የሚቀርቡት ፈረሶች የእሱ ናቸው፤ ቴትን የጣለውም ፈረስ የእሱ ነበር።

«ሁለታችሁም ሃርላንን የምትጠሉበት ምክንያት ነበራችሁ» አለች ቨርና ሳታቅማማ። «አንቺ ፊልምሽን ውሸታም ብሎብሻል። አንተ ደግሞ ዕድል ካልገደለው ፈረስህ ገደለው ሊል ይችላል።»

«እኔን ተይኝ!» አለ ገስ። «ፈረሴን ያዋረደው ይሄ ፊልም ነው። ሰይጣን አስመሰሉት! ከእጄ ላይ ካሮት የሚበላ ፈረስ! ይህንኑ የፊልም ማሳያ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ፊልሙ እስኪያልቅ ጆሮዋ ላይ ስጮህ ነበር።»

«እውነቱን ነው» አለች ፔይጅ። «አንዲት ደቂቃ ፋታ አልሰጠኝም። መግደል ቢያምረኝ ኖሮ የምገድለው እሱን ነበር።»

ገስ በኀዘኑ መሐል ሳቀ።

«ይልቅ አንድ ነገር ንገረኝ» አለችው ልጅቷ እልህ እየተናነቃት። «በመጨረሻዋ ግልቢያ ለምን ሳቃችሁ? ኒውዮርክ ውስጥ ሰው የሚንሰቀሰቅበት ቦታ ነው። ሐያስያኑ ሁሉ...»

«ሐያስያንሽ ፈረስ አይተው አያውቁም፣ እህቴ! ልጁ በነፃ እጁ የፈረሱን አንገት ደባበሰ'ኮ! በአንድ እጅ ትይዣለሽ፣ ሌላው እጅሽ አየር ላይ ነው። ፈረሱን በጣትሽ ጫፍ ከነካሽው አለቀ፣ ነጥብ የለም። እናንተ ዘጠና ሰጣችሁት! ሂጂ እንጂ! ጡት ያልጣለ ሕፃን ሳይቀር 'ነካው!' እያለ ጮኸ፤ ወንበር ሁሉ ተወረወረ።»

«እርቅ ነው'ኮ» አለች ፔይጅ በቀጭን ድምፅ። «ሰውና አውሬው ሲታረቁ ነው።»

«በኛ ቤት ይሄ ሽንፈት ይባላል።»

ቨርና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ገስ፣ ሁሉም ነው የጮኸው? ለምሳሌ የሚያውቁት ሽማግሌዎች?»

«ሁሉም! ከማርቫ በስተቀር። ምስኪን፣ ፊቷን ሸፍና ነበር።»

የቴትና የዊት እናት ማርቫ ሃሎራን በባዶዎቹ ወንበሮች መካከል ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ባሏ ክሌይ ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ነው የሞተው፤ ቴትን ሜዳው ወሰደባት፤ አሁን ደግሞ ዊትን ሸሪፉ። ቨርና አጠገቧ ስትቀመጥ እጇን ጭምቅ አድርጋ ያዘቻት።

«ቨርናዬ፣ በሞቴ፣ ልጄን ልቀቂልኝ። ሰው አይገድልም። እሱም ከሄደ ቤቴን ዘግቼ መሞት ነው የቀረኝ።»

«እውነቱን ካገኘሁ ይለቀቃል። ዴልማር አጠገብሽ ነበር?»

«ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ መቼ ከአጠገቤ ተለይቶ ያውቃል? በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን እጄን ይዞ ነው የሚጸልየው።»

«ስሚኝ፣ ማርቫ። ፊልሙ ሲያልቅ አየሽው?»

«ባርኔጣው ወንበሩ ላይ ነበር።»

«ሰውየውስ?»

«ባርኔጣው ካለ እሱም አለ እንጂ! ዓይኔማ በእንባ ተሞልቶ ምን አይቶ?» በኛ አገር ወንበር ላይ የተቀመጠ ባርኔጣ እንደ ባለቤቱ ነው፤ የሚነካው የለም፣ ባለቤቱ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅም የለም። ማርቫ አፍንጫዋን ጠረገች። «የከተማ ሰዎቹ ደግ ናቸው፣ ቨርና። ልጄን ወዶና ስቆ የሞተ አድርገው አሳዩኝ። ስድስት ዓመት ያጣሁትን እንቅልፍ ሊሰጡኝ ነበር። ሃርላን ያንን ሊነጥቀኝ ነው የተነሣው። የሞተ ሰው ነው፣ ግን ጠላሁት።»

ቨርና እውነቱን ካገኘች ለዚህች ሴት ልጇን ትመልስላታለች፤ እንቅልፏን ግን አትመልስላትም።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም እዚያው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ዊት በካቴናው ከሸሪፉ ጎን ተቀመጠ። ማርቫ ከፊት፣ ዴልማርም እንደ ልማዱ ከአጠገቧ፤ ገስ እጁን አጣምሮ ከኋላ።

«ፔይጅ፣ እባክሽ የመጨረሻዋን ግልቢያ ብቻ አሳዪን» አለች ቨርና።

«ኧረ ተዪ፣ ሰው በሞተ ማግስት!» አለ ገስ።

«ዝም ብለህ ተመልከት። ሰው ቢስቅ አልወድም።»

መብራቱ ጠፋ። በሸራው ላይ በሩ ተበረገደ፤ ጥቁሩ ፈረስ ልጁን ተሸክሞ ወጣ። ዘለለ፣ ተጠማዘዘ፣ ዘለለ። ሙዚቃው እየለዘበ መጣ። አየር ላይ የነበረው የልጁ እጅ ቀስ ብሎ ወረደና የፈረሱን አንገት ደባበሰ። አዳራሹ ውስጥ ትንፍሽ ያለ የለም፤ ትናንት ጮኸው ወጥቶላቸዋል።

«ነካው!» የሚል ድምፅ ግን ፈነዳ።

ዴልማር ነበር። ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ክንዱን ሠላሳ ዓመት እንደለመደው አየሩ ላይ ሰንዝሮ። «ነካው! ነጥብ የለውም!» ሸራው ላይ ያለው ዳኛ የዘጠና ሰሌዳ ሲያነሣማ ጭራሽ ደሙ ፈላ። «ዘጠና? ይሄ ምን ዓይነት ዕብድ...»

እዚህ ላይ አንደበቱ ተያዘ። ክንዱ አየር ላይ እንደተሰነዘረ ቀረ።

«መብራት» አለች ቨርና።

ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞረው ያዩታል። ቨርና እያነከሰች ወደ ፊት መጣች።

«ትናንት ስለዚችው ግልቢያ ጠይቄዎት ነበር፣ ዳኛ። እንዲህ ያለ እውነት አይቼ አላውቅም፣ እኔም ዘጠና ነበር የምሰጠው አሉኝ። በሰዓቱ ምንም አልመሰለኝም። ኋላ ገስ አዳራሹ ሁሉ እንደጮኸ ሲነግረኝ ነው የደነገጥኩት። የድራይ ፎርክ ሕፃን ያልተሳሳተውን የድራይ ፎርክ ዳኛ ይሳሳታል? ቃሉ የእርስዎ አልነበረም፤ የከተማ ሐያሲ ቃል ነው። ጋዜጣ ላይ አንብበው እንዳለ ነገሩኝ። ሐያሲው ስለ እጁ አልጻፈም፤ ለሱ እጅ ነው በቃ። ግልቢያዋን የሚያዩት አሁን ገና ነው።»

«አርጅቻለሁ፣ ዓይኔም...»

«አሁንማ ከማንም ቀድሞ አየ'ኮ!» አለ ገስ።

«ወደ ባርኔጣው ልምጣ» አለች ቨርና። «ማርቫ አጠገቧ እንደነበሩ ትምላለች። ያየችው ግን ባርኔጣውን ነው። ማንም ባለቤቱ እንደሌለ ቢያውቅ እንኳ አሁን ይመለሳል ብሎ ነው የሚያልፈው። እርስዎም ይህን ስለሚያውቁ ወንበሩ ላይ ትተውት በጎን በር ወጡ። የረሱት ፀሐይዋን ነው። ባርኔጣዎን ያውልቁልን እስቲ።»

ዴልማር አልተንቀሳቀሰም። ያወለቀለት ኬንዳል ነው። መላጣው ቀልቶ መላጥ ጀምሯል።

«አምሳ ዓመት ፀሐይ አይቶ የማያውቅ አናት ነው» አለች። «ጣሪያ በሌለው ማማ ላይ፣ በሐምሌ ፀሐይ፣ ከሃርላን ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ብዙ ለመኑት። ሽማግሌ ስለሆኑ ወንበር ሰጥቶዎታል። ዊት ቢመጣበት ኖሮ፣ ሃርላን ሐሙስ ያበጠ መንጋጋውን ይዞ ቁጭ ብሎ ያዋራው ነበር? ደግሞ ዊት ባዶ ራሱን ወጥቶ ቢሆን የሱም ግንባር ይነድ ነበር፤ እዩት፣ ወተት ነው። ልመናው አልሆን ሲል ሽቦውን ነቀሉ። ሃርላን ያለ ሽቦም የሚሰማ ድምፅ ነበረው፤ አጥሩ ዘንድ ሄዶ አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ አነሱት።»

ዴልማር ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ።

«ቀላል ሰው ነበር» አለ በመጨረሻ። «እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር።»

«ምን ሊናገር ነበር?» አለች ማርቫ። ከሁሉም ቀድማ እሷ ናት የጠየቀችው። «ዴልማር፣ ሃርላን ስለ ልጄ ምን ሊናገር ነበር?»

ሽማግሌው ሊያያት አልቻለም።

«የመጀመሪያው ፈረስ ከበሩ ጋር አላተመው፤ አናቱን ነው የመታው። ሕጉ በሌላ ፈረስ ድጋሚ ግልቢያ ይፈቅድለታል። ሕዝቡ ስሙን እየጠራ ይጮኻል። ሄጄ ስምህ ማነው አልኩት።»

«ምን አለህ?»

«ክሌይ አለኝ።»

ማርቫ አፏን ያዘች። የአባቱን ስም ነው የነገረው።

«ራሱን አያውቅም ነበር» አለች ቨርና ቀስ ብላ። «አንተም አወቅህ።» ከዚህ በኋላ አንቱ ልትለው አልሆነላትም።

«ሃርላን ከላይ ሰምቷል። ስድስት ዓመት በሆዱ ያዘልኝ። ይሄ የተረገመ ፊልም መጥቶ ዕድል ነው፣ ነፋስ ነው ሲል አላስችል አለው። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት...»

«አጠገቤ ትቀመጥ ነበር!» ማርቫ ጮኸች። «በየእሑዱ እጄን ይዘህ! ገድለህብኝ ስታበቃ ታጽናናኝ ነበር!»

«እኔ ፈቀድኩ እንጂ ፈረስ ላይ አላወጣሁትም፣ ማርቫ!» አለ ዴልማር እንደተገረፈ ሰው። «ብቻዬን አታድርጊኝ! እኔ አይደለሁም ያወጣሁት!»

ቨርና የዊት ቃል ትዝ አላት፤ ዝም በል ብለው እምቢ አለኝ። ዊት ሃርላንን የመታው ስለ ፊልሙ እንዳልነበረ አሁን ገባት። ማርቫም ዘወር ብላ በሕይወት የቀረላትን ልጇን አየችው።

«ማን ነው ያወጣው?» አለች።

ዊት ካቴናው ላይ አቀረቀረ። «እኔ ነኝ፣ እማዬ። ኮርቻውን ያጠበቅኩለት እኔ ነኝ። ቶሎ በል፣ አባባ ይጠብቀኛል አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ...»

«መስሎህ ነበር?» አለችው እናቱ።

ዊት መልስ አልሰጠም። ውሸት ቢሆን እንኳ አዎ ቢላት ቨርና በወደደች ነበር።

ኬንዳል ዴልማርን ይዞ ወጣ። ፔይጅ ማሽኗን ሰበሰበች። ፊልሙ ግን አልቆመም፣ እስከ ዛሬ በየከተማው ይታያል። ከፍርዱ በኋላም አንድ ሐያሲ «አሁን ይበልጥ ጥልቅ ሆኗል» ብሎ ጻፈ። ምን ይደረጋል፣ እሱም እንጀራው ነው።

ቨርና የዊትን ካቴና ራሷ ፈታችለት። «ነፃ ነህ» አለችው፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ አፈረች።

«የት ልሂድ?» አላት።

«እናትህ ውጭ ናት።»

ማርቫ አሮጌ የጭነት መኪናዋን አስነሥታ መሪውን በሁለት እጇ ይዛለች። ሞተሩ ይንተከተካል፤ ጥላው አትሄድም፣ ግባም አትለውም። ዊት ወደ ጋቢናው በር ሄደ። እጀታውን ያዘና በመስኮቱ አያት። እሷ ፊት ለፊቷን ነው የምታየው። እጀታውን ለቀቀ፤ ዞሮ ከኋላ፣ ውሾቹና የድርቆሹ እስር የሚጫኑበት ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ማርቫ እስኪረጋጋ ጠበቀችውና ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ነዳች።